ግቢ ለምትገቡ ልጆች፦ በሦስተኛው ሳምንት አትፍረዱ

ከቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ መግባት የሚከብደው በመጀመሪያው ቀን አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ሻንጣ አለ፣ ምዝገባ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ለማዘን ጊዜ የለም። ከባዱ ግርግሩ ሲበርድ ነው። ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ አሳይመንት መምጣት ሲጀምር፣ አብሯችሁ የሚስቀው ልጅ የት እንዳደገ እንኳ ገና ሳታውቁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዶርም ውስጥ ብቻችሁን ስትቀሩ፣ «እኔ ለዚህ ቦታ አልተፈጠርኩም» የሚል ሐሳብ ከች ይላል።

ያኔ አትፍረዱ። ዲፓርትመንት ልቀይር፣ ላቋርጥ፣ ቤት ልመለስ የሚል ውሳኔ ካለ ቢያንስ እስከ ሴሚስተሩ አጋማሽ ይቆይ። እስከዚያ ግን እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አያስፈልግም፣ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ።

ከመሄዳችሁ በፊት

ልብሱን ተዉት፣ የጎደለው በኋላም ይሟላል። የትምህርት ማስረጃና የመታወቂያ ኮፒ ያዙ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። በቋሚነት የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ቢያንስ ለአንድ ወር የሚበቃውን ከነማዘዣው ያዙ። ልብስ ማጠብና ሁለት ሦስት ቀላል ምግብ መሥራት ቤት ሳላችሁ ልመዱ።

ክትባትን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ወጣት ተጠጋግቶ በሚያድርበት ቦታ የማጅራት ገትር በቀላሉ ይዛመታል፣ በተለያዩ አገሮች ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ወጣቶች ክትባቱ የሚመከረው ለዚህ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። ግቢ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ አንድ ልጅ ድንገት ኃይለኛ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት አንገቱ ከደረቀ ወይም ብርሃን ዓይኑን ካስቸገረው «ተኝቶ ይነሳል» አትበሉ። በዚያው ሰዓት ሕክምና ይሂድ።

የዶርም ልጆች

አብዛኛው የዶርም ጠብ የሚነሳው ከትንንሽ ነገር ነው። አንዱ ማለዳ 11 ሰዓት ላይ አላርም ይሞላል፣ አላርሙ ሁሉንም ይቀሰቅሳል፣ ከባለቤቱ በቀር። የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ዝም ይላል። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ትራስ ይወረውራል። በወሩ መኮራረፍ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ስለ አላርም ማውራት ቀርቶ ሰላምታውም ይጠፋል።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሁሉም ገና ሲከባበር፣ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። መብራት ስንት ሰዓት ይጥፋ? እንግዳ ሲመጣ ቀድመን እንነጋገር? ሳይጠየቅ የማይነካ ዕቃ የማን ምንድን ነው? ማን መቼ ያጸዳል? ነገሩን ለመክፈት «እኔ እንቅልፌ ቀላል ነው፣ እናንተስ?» ማለት ይበቃል። የሚያናድድ ነገር ሲኖር ደግሞ በሰው በኩል አትላኩ። ለልጁ ለብቻው፣ በዚያው ሳምንት፣ ሳትጮኹ ንገሩት።

ጓደኝነት ሰዓት ይፈልጋል

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡልኝ፣ ብዙ ልጅ ያለ ምክንያት ራሱን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ተራ ትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት እስኪያድግ በግምት 50 ሰዓት አብሮ ማሳለፍ ይጠይቃል። ወዳጅ ለማለት 90 ገደማ፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ። አንድ ክላስ ውስጥ ጎን ለጎን ዝም ብሎ መቀመጥም ብዙ አይቆጠርም፣ አብሮ መጫወት፣ መብላት፣ ማውራት ነው ሰውን የሚያቀራርበው። እንግዲህ አስሉት። ከአንድ ልጅ ጋር በሳምንት 5 ሰዓት ብታሳልፉ 50ው የሚሞላው በአሥረኛው ሳምንት ነው። በሦስተኛው ሳምንት የልብ ጓደኛ የለኝም ብሎ ራስን መውቀስ ምን ማለት ነው?

ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። የሚደጋገም ነገር ምረጡ። አንድ ትልቅ ፕሮግራም ላይ መቶ ሰው ከመተዋወቅ፣ በየሳምንቱ በአንድ ቀንና ሰዓት የሚገናኝ አንድ ክበብ፣ አንድ የስፖርት ቡድን ወይም አንድ የጥናት ግሩፕ ይሻላል። ዓይን አፋር ከሆናችሁ ደግሞ ሥራ ያለበትን ምረጡ፣ ወንበር የሚደረድር ወይም ስም የሚመዘግብ ሰው ወሬ መፈለግ አይጠበቅበትም፣ ወሬው ራሱ ይመጣል።

ናፍቆት

ናፍቆት የድክመት ምልክት አይደለም፣ በቀን አሥር ጊዜ ቤት በመደወልም አይታከምም። በየሰዓቱ የምትደውሉ ከሆነ ሰውነታችሁ ግቢ፣ ሐሳባችሁ ቤት ይሆናል። ጨርሶ መጥፋትም ቤተሰብ ያስጨንቃል። ቀንና ሰዓት ቁረጡ፣ ለምሳሌ ረቡዕና እሑድ ማታ፣ እናም በዚያ ሰዓት ዘና ብላችሁ አውሩ። «ደህና ነኝ» ብቻ ብላችሁ አትዝጉ። እናት በድምፅ ታውቃለች፣ እውነቱን ካልሰማች ሌሊቱን ሙሉ ስትገምት ታድራለች።

ቤታችሁ ቅርብ ከሆነ በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ ዓርብ አትሂዱ። ጭር የሚለው ቅዳሜና እሑድ እኮ ያ የጓደኝነት ሰዓት በብዛት የሚገኝበት ጊዜ ነው።

ትምህርቱ

እዚህ ማንም «የቤት ሥራ ሠራህ?» ብሎ አይጠይቅም። ኮርስ አውትላይን (የኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ) የተሰጣችሁ ቀን የሁሉንም ኮርስ ፈተናና አሳይመንት ቀን አንድ ካላንደር ላይ ገልብጡ። ያኔ ሦስት ፈተና በአንድ ሳምንት የሚደራረብበትን ሳምንት ከወዲሁ ታዩታላችሁ። ኮርስ አድና ድሮፕ (መጨመርና መተው) የሚደረግበት የመጨረሻ ቀንም እዚያው ይግባ።

«ፈርስት ሴሚስተር ማሟሟቂያ ነው» የሚሏችሁን ሲኒየሮች አትስሙ። ሒሳቡ ይኸው፦ በ15 ክሬዲት (የኮርስ ክብደት መለኪያ) አማካይ ውጤት 2.0 አምጥታችሁ በሁለተኛው ሴሚስተር በ15 ክሬዲት 3.6 ብትሠሩ እንኳ የሁለቱ አማካይ 2.8 ነው። የመጀመሪያው ውጤት ለረጅም ጊዜ ይጎትታል።

አጠናኑ ላይ፣ ደብተርን ደጋግሞ ማንበብ ያወቃችሁ ያስመስላል እንጂ ብዙ አያቆይም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ይህን ያሳያል፦ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በብዙ ቀደሙ። ደብተሩን ዝጉ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወሳችሁትን ጻፉ፣ ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውን ሙሉ። መጀመሪያ ላይ ይጨንቃል፣ ግን የሚሠራው ይህ ነው።

ጨበሳን፣ ማለትም ሳይተኙ ሌሊቱን ማጥናትን፣ እንደ ጀግንነት አትቁጠሩት። በእናንተ ዕድሜ በየሌሊቱ በጠቅላላው ከ7 እስከ 9 ሰዓት የሚረዝም እንቅልፍ ይመከራል። ካፌይን ደግሞ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ማታ 2 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ሌሊት 7 ሰዓትም ገና ሥራ ላይ ነው።

ገንዘብና እርዳታ

የወሩን ገንዘብ በወር አታስቡት። ቋሚውን ወጪ መጀመሪያ ቀንሱ፣ አንድ ጊዜ ቤት የሚያደርሳችሁን መጓጓዣ ለብቻ አስቀምጡ፣ የቀረውን በሳምንት ከፋፍሉና የዚያን ሳምንት ብቻ ያዙ። ብድር የሚጠይቃችሁ ጓደኛ ሲመጣ ባይመለስ የማይጎዳችሁን ያህል ብቻ ስጡ።

«አትፍረዱ» ያልኩት ግን ለመደበኛው ናፍቆትና ብቸኝነት ነው። የሚያስፈራራችሁ ወይም የሚጎዳችሁ ሰው ካለ አንድ ቀንም አትጠብቁ፣ ለምታምኑት ሰውና ለግቢው ኃላፊዎች ንገሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣም እንደዚሁ፣ በዚያው ቀን ለሰው ንገሩ፣ ብቻችሁን አትደሩ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሎ፣ ከአልጋ መነሳት ከብዶ ሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ የግቢው ክሊኒክ ወይም የምክር አገልግሎት ሂዱ። ምን ብዬ ልጀምር ካላችሁ ይህ ይበቃል፦ «ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ክላስ መግባት አቅቶኛል።» የቀረውን መጠየቅ የእነሱ ሥራ ነው።