በቤተሰብ የተገፋ ሰው የእግዚአብሔርን ዓላማ እንዴት ይፈልግ?

ቤተሰቡ ገፍቶት ከመንዝ ወይም ከተጉለት ወጥቶ የደብረ ብርሃንን ብርድ በኪራይ ቤት የሚያሳልፍ ሰው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሐዘኑን ሳይሸሽግ በመዝሙረ ዳዊት ቃል ለእግዚአብሔር ያቅርብ፤ አባትና እናት የተዉትን እግዚአብሔር እንደሚቀበለው የሚናገረው ክፍል በግእዙ አቆጣጠር መዝሙር 26፥10፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር ደግሞ 27፥10 ነው።

ቀጥሎ በኦሪት ዘፍጥረት ከምዕራፍ 37 ጀምሮ ያለውን የዮሴፍን ታሪክ በዝግታ ያንብብ። ታሪኩ ሲጀምር ዮሴፍ የ17 ዓመት ልጅ ነበረ፤ በፈርዖን ፊት የቆመው ግን በ30 ዓመቱ ነው። በመካከሉ፣ ወንድሞቹ ከሸጡት በኋላ፣ የጌታውን ቤት፣ ኋላም በታሰረበት ወህኒ የእስረኞቹን ጉዳይ በታማኝነት ያስተዳድር ነበር። ስለዚህ ታላቅ ራእይ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ አንድ ትንሽ አገልግሎት፣ ለምሳሌ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ማስተማርን ወይም ደካማ ጎረቤትን መርዳትን፣ ለጥቂት ወራት ሳያቋርጥ ይያዝ፤ ጸጋው የቱ እንደሆነ በሥራው ይለያል።

ይቅርታ ከልብ ይደረግ፤ ሆኖም ዱላና ዛቻ ወዳለበት ቤት ወዲያው መመለስ የይቅርታ ግዴታ አይደለም። ዮሴፍም ቢሆን ማንነቱን ከመግለጡ በፊት ወንድሞቹን ፈትኗል። ስለ እርቁ የተከበሩ ሽማግሌዎችን ይላክ፤ የቤቱን ሁኔታ አይተው እስኪነግሩትም ድረስ ባለበት ይቆይ።