ድምፁን ዘግታችሁ እዩት
በስልክ ቪዲዮ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኤዲት ከመጨረሳችሁ በፊት ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። ሲኒማ እኮ እስከ 1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ድረስ በአብዛኛው ያለ ንግግር ነው ታሪክ ሲነግር የኖረው።

እኔ ባለፈው መንዝ ላይ የበግ ፀጉር የሚፈትሉ እናት ቀርጬ፣ ሁሉንም አጫውተውኛልና አለቀ ብዬ ደብረ ብርሃን ገብቼ ድምፁን ባጠፋው ምን ባይ ጥሩ ነው? አፋቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል! ተመልሼ እጃቸውን ተጠግቼ ቀረጽኩ፤ ፀጉሩ በጣታቸው መሀል ሲቀጥን፣ እንዝርቱ ሲሾር። ከዚያ ፊታቸውን፣ ከዚያ ራቅ ብዬ ግቢውን። እያንዳንዱን 10 ሰከንድ ያህል ሳትነቃነቁ ያዙት፣ ስትቆርጡ ትፈልጉታላችሁ።

ደግሞ ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል፤ ስልኩን ጋቢያችሁ ውስጥ ሸጉጡት።