የጥገና ሥራን በእርከን እንዴት መደልደል ይቻላል፦ ከሠራዊት ጋራዥ የተማርኩት

ሠራዊት ውስጥ መካኒክ በነበርኩበት ጊዜ አንድ የውኃ ቦቴ ሊማሊሞን ወርዶ ግርጌው ላይ ሁለት ቀን ቆመ። የተበጠሰው ቺንጋ፣ ማለትም ሞተሩ ማራገቢያውን የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ፣ ነው። መለዋወጫው ከወንበሩ ሥር ነበር፤ ሹፌሩም መቀየር ይችላል። ግን «ሞተር የሚነካ መካኒክ ብቻ ነው» ተብሎ ስለተነገረው እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ከጎንደር ተነስቼ ስደርስ ግማሽ ሰዓት ያልሞላ ሥራ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ውኃ የጠበቁትን ወታደሮች ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

ተቃራኒውንም አይቻለሁ። ሌላ ሹፌር፣ ሰው ላለማስቸገር ብሎ፣ በመተማ መንገድ አቧራ መሀል የናፍጣ ፖምፓ ፈታ። የዚያ ፖምፓ የውስጥ አካላት ክፍተት በሺኛ ሚሊሜትር የሚለካ ነው። አንዲት የአሸዋ ብናኝ በቂው ነበረች፤ ፖምፓው ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ሁለቱም ሰዎች ታታሪ ነበሩ። የጎደለው የትኛው ሥራ የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ነው። ዛሬ አዘዞ ውስጥ በምሠራበት ጋራዥ የጭነት መኪና ማኅበራት፣ ጀነሬተር ያላቸው ሆቴሎች፣ የመስኖ ፖምፕ የገዙ ገበሬዎች ይኸንኑ ችግር ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ዘዴውን ለሁሉም በሚሆን መንገድ ልጻፈው።

መጀመሪያ እርከኖቹን ይለዩ። የአሜሪካ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥገናን በ5 እርከን ከፍሎ ነበር። በኋላም ለረጅም ዘመን ተጠቃሚው፣ የክፍሉ ጋራዥ፣ ከኋላ ሆኖ ቀጥታ የሚደግፈው የጥገና ክፍል፣ አጠቃላይ ድጋፍ ሰጪው፣ በመጨረሻም ዴፖው (ዋናው የማደሻ ወርክሾፕ) እየተባለ ተሠርቶበታል። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ወደ 2 ጠቅልሎታል፤ አንዱ እዚያው መስክ ላይ ጠግኖ ለባለቤቱ የሚመልስ፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ የሚያድስ። ለአንድ የጭነት ማኅበር 3 ይበቃል፤ ሹፌሩ፣ ጋራዡ፣ ማሽን ያለው ትልቅ ወርክሾፕ። እርከን በበዛ ቁጥር ዕቃው በመንገድ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ይበዛልና አያብዙት።

ቀጥሎ ዕቃውን በክፍል በክፍሉ ይዘርዝሩ። በአሜሪካ ጦር የተሽከርካሪ ጥገና ሠንጠረዦች ሞተር 01፣ ፍሪሲዮን 02፣ የነዳጅ ሥርዓት 03፣ ማቀዝቀዣ 05፣ ኤሌክትሪክ 06፣ ፍሬን 12፣ ጎማና እግር 13 እየተባሉ ይቆጠራሉ። ቁጥሩ የሚጠቅመው ሹፌሩ ደውሎ «12 ላይ ነው» ሲል መካኒኩ የትኛውን ዕቃ ይዞ እንደሚነሳ እንዲያውቅ ነው።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «ፍሬን የመካኒክ ነው» ብለው ዕቃውን ለሰው አይስጡ። የሚደለደለው ዕቃው ሳይሆን በዕቃው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። መፈተሽ፣ ማጽዳትና ቅባት መስጠት፣ ማስተካከል፣ መቀየር፣ መጠገን፣ ሙሉ በሙሉ ማደስ፤ እነዚህ የተለያዩ ናቸው። ሊማሊሞን የሚወርድ መኪና ፍሬን እንውሰድ። ከአየር ታንኩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ማታ ማታ ማፍሰስ የሹፌሩ ነው። የፍሬን ሸራ መቀየርና ማስተካከል የጋራዡ ነው። ያለቀ ታምቡር (ሸራው የሚይዘውን ክብ ብረት) ቶርኖ በሚባለው የብረት መላጫ ማሽን ላይ ማስላጥ የወርክሾፑ ነው። አንድ ፍሬን ሦስት ባለቤት አለው፤ እያንዳንዱ ሥራ ግን አንድ ብቻ።

ሥራው ለማን እንደሚሰጥ ለመወሰን ከታችኛው እርከን ይጀምሩና አራት ነገር ይጠይቁ። ያውቀዋል ወይ? መሣሪያው አለው ወይ? መለዋወጫው በእጁ ነው ወይ? ጊዜና ንጹሕ ቦታ አለው ወይ? አራቱም አዎ ከሆኑ እዚያው ይቁም፤ አንዱ ካልሆነ ወደ ላይ ይውጣ። የቦቴው ሹፌር አራቱንም ያሟላ ነበር። የፖምፓው ሹፌር ንጹሕ ቦታም መለኪያም አልነበረውም። ወደ ላይ ከመግፋትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያስቡ፤ የጎደለው ካቻቢቴ ወይም የአንድ ቀን ሥልጠና ብቻ ከሆነ ያንን ማሟላት ይቀላል።

ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ጊዜውን በሰዓትና በአሥረኛ ክፍልፋይ ይጻፉ፤ 0.1 ማለት 6 ደቂቃ፣ 0.5 ማለት ግማሽ ሰዓት ነው። ራዲያተር መፈተሽ፣ ሹፌር፣ 0.1። ራዲያተር መቀየር፣ ጋራዥ፣ 2.0። ራዲያተር መበየድ፣ ወርክሾፕ። ለምሳሌ ያህል ነው፤ የራስዎን መካኒክ ሰዓት ይዘው ይለኩ። ጊዜው ካልተጻፈ አለቃው ሹፌሩን ከንጋት እስከ ማታ ያስነዳዋል፤ ከዚያ ለምን ዘይት አላየህም ብሎ ይቆጣዋል። ይህ ግፍ ነው። ለሥራው የተመደበ ደቂቃ ካልተሰጠው ሥራው አልተሰጠውም።

በቀጣዩ ዓምድ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ይጻፉ። የሞተር ቴስታ ብሎኖችን የሚያጠብቅ ሰው የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ ከሌለው፣ ስሙ ሠንጠረዡ ላይ ቢኖርም ሥራው አልተደለደለም ማለት ነው።

የሹፌሩን ድርሻ ደግሞ ከመነሳት በፊት፣ በጉዞ ላይ፣ ከደረሱ በኋላ ብለው ይክፈሉት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ነው። ከመነሳት በፊት ዘይት፣ ውኃ፣ ጎማ፣ ቺንጋ። በጉዞ ላይ ጌጆችንና ድምፅን መከታተል። ከደረሱ በኋላ የሚያንጠባጥብ ነገር መፈለግና የተገኘውን መጻፍ። ሹፌሩ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሲጽፍ ወረቀቱን የሚቀበል ሰው በስም ይታወቅ፤ አለዚያ ሁለተኛ አይጽፍም።

ድልድሉን አንዴ ጽፈው አይተዉት። በበጋ አቧራ የአየር ፊልትሮ ቶሎ ይታፈናል፤ በክረምት ጭቃው የእግር ኩሽኔቶችን ይጎዳል። ከጎንደር ደጋ ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ መኪና ማቀዝቀዣው የሚታይበት ጊዜ ሊቀራረብ ይገባል። በየወቅቱ መጀመሪያ ሹፌሩንና መካኒኩን አንድ ላይ አስቀምጠው ሠንጠረዡን ያስነብቡ፤ «ይኼ የኔ አይደለም» የሚል ድምፅ ሲሰሙ እዚያ መስመር ላይ ቆም ይበሉና ይነጋገሩበት።

ሲያልቅ የሹፌሩን ገጽ ብቻ ለብቻው ገልብጠው በላስቲክ ይሸፍኑና ከመኪናው በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፉት። ቺንጋ መቀየር ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች በአንዱ ይግባ።