ስንዴ የማይበላ ልጅ ይዛችሁ ወደ መዝናኛ ፓርክ ስትሄዱ፦ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም እንዳለባት ያወቅነው በአምስት ዓመቷ ነበር። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ወደ ሆዷ ሲገባ የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ተነሥቶ ትንሹን አንጀቷን ያቆስለዋል። መድኃኒቱ ግሉተን ያለበትን ምግብ ዕድሜ ልክ መተው ብቻ ነው። የምንኖረው ለገጣፎ ሲሆን እቤት ውስጥ ነገሩን ከለመድነው ቆይተናል። የሚፈትነን ስንወጣ ነው፤ በተለይ ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የልጆች ሐሳብ ሁሉ እንጦጦ ፓርክና የቢሾፍቱ የውሃ ፓርክ ሲሆን። ከታች የምዘረዝራቸውን አብዛኞቹን ስህተቶች እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ ዋጋቸውን የከፈለችው ግን ልጄ ናት።

«እንጀራ የትም አይጠፋም» ብሎ ባዶ እጅ መውጣት

ጤፍ ግሉተን የለውም። በዚህ አገር ለተወለደ የሴሊያክ ሕመምተኛ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ጸጋ የለም። ነገር ግን እንጀራ ሁሉ ጤፍ አይደለም። ለሽያጭ በሚጋገር እንጀራ ላይ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ ወይም ሩዝ መቀላቀል የተለመደ ነው። ማሽላውና ሩዙ ጉዳት የላቸውም፤ ስንዴውና ገብሱ ግን ያው ዳቦ እንደማብላት ናቸው። በዓይን ደግሞ አይለይም፤ ነጣ፣ ለስለስ ያለውን አይታችሁ ማኛ ነው ብላችሁ ልትገምቱ ትችላላችሁ።

ዱቄቱ ንጹሕ ጤፍ ቢሆንም ጣጣው አያልቅም። እርሾ ማለት ካለፈው ሊጥ የተረፈ ነው፤ ያ ሊጥ ቅይጥ ከነበረ ዛሬ የተቦካው ጤፍ ንጹሕነቱ ቀረ። ጠዋት የስንዴ ዱቄት የተነፋበትን ወንፊት ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ ተመልከቱት፤ በየቀዳዳው ጥግ ነጭ ዱቄት ተጣብቆ ታያላችሁ። ምጣዱ ላይ ቂጣ ተጋግሮ፣ በዚያው ማሰሻ ተወልውሎ፣ እንጀራው ይቀጥላል። ሽሮም እንዲሁ ነው፤ ሽምብራውና አተሩ ንጹሕ ናቸው፤ ወፍጮው ከእነሱ በፊት ስንዴ ፈጭቶ ከሆነ ግን ሽሮው ውስጥ ስንዴ አለ። እኔ እህሌን የማስፈጨው ስንዴና ገብስ በማይገባበት ወፍጮ ነው፤ ወንፊቷንና ምጣዷንም ለይቻለሁ።

ስለዚህ የምትበላውን ከቤት ይዘን እንሄዳለን። ለመንገድ ከድርቆሽ የሚሻል አላገኘሁም፤ አይሻግትም፣ አይከብድም፣ በፔርሙዝ የያዝነውን ትኩስ ወጥ ስናፈስበት እዚያው ፍርፍር ይሆናል። ቅቅል ድንች፣ እንቁላል፣ ሙዝ፣ እቤት የተቆላ ሽምብራም እይዛለሁ። ልብ በሉ፤ እንደ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቂንጬ ያሉ ባህላዊ ስንቆቻችን አብዛኞቹ ከገብስና ከስንዴ የሚሠሩ ናቸው፤ «የሐበሻ ምግብ ነው፣ ምንም አይላትም» የሚባልባቸውም እነርሱ ናቸው። ቆጮና ቡላ ግን ከእንሰት ስለሚሠሩ ይሆኗታል።

በር ላይ ደርሶ መለመን

ብዙ የመዝናኛ ስፍራዎች ከውጭ ምግብ ይዞ መግባትን ይከለክላሉ። ይህን ሳላጣራ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የመዝናኛ ስፍራ አገልግሌን አንጠልጥዬ ሄድኩ። ጥበቃው ትሑት ሰው ነበር። «እህቴ፣ ምግብ አይገባም፤ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ» አለኝ። አስረዳሁት፤ ከኋላችን ሰልፉ እየረዘመ፣ ልጄም የገቡትን ልጆች በአጥሩ ሽቦ በኩል እያየች ነበር። አገልግሉ ጥበቃ ቤት ቀረ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ልጄ «እማዬ፣ ራበኝ» ስትል ከሁሉም ይሻላል ብዬ የተጠበሰ ድንች ገዛሁላት። ሻጯም «ድንች ብቻ ነው» አለችኝ፤ አልዋሸችም። ግማሹን ከበላች በኋላ ዞር ስል ከዚያው መጥበሻ፣ ከዚያው ዘይት ውስጥ ሳምቡሳ ሲወጣ አየሁ። የሳምቡሳ ሽፋን የስንዴ ሊጥ ነው። ግሉተን በእሳት አይጠፋም፤ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ልጄ ያን ሌሊት ሆዷን ይዛ ስትገላበጥ አደረች።

አሁን ከሁለት ቀን በፊት ስልክ እደውላለሁ። ያነጋገርኩትን ሰው ስም፣ በዚያ ቀን በር ላይ የሚውለውን የፈረቃ ኃላፊም ስም እጽፋለሁ። ከሐኪሟ ማኅተም ያለበት አጭር ደብዳቤ አጽፌ በላስቲክ ሸፍኜ እይዛለሁ። በስልክ ፎቶግራፍ ብቻ አትመኑ፤ ውሃ ባለበት ስፍራ ስልክ ከቦርሳ አይወጣም። ማኅተም ያለው ወረቀት ሲያይ እምቢ ያለኝ ጥበቃ እስካሁን አልገጠመኝም።

«ግሉተን አለው?» ብሎ መጠየቅ

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው «የለውም» የሚል መልስ ነው። አስተናጋጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቃሉን ሰምቶት አያውቅም፣ እንግዳንም ማሳዘን አይፈልግም። «የጤፍ ነው አይደል?» ማለትም ያው ነው፤ መልሱን እኛው አጉርሰነዋል። «ዱቄቱ ውስጥ ምን ምን ገባ? ማን ጋገረው? በዚህ ዘይት ዛሬ ምን ምን ተጠበሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣልን» ካሉ አመስግናችሁ ተዉት። ከተቻለ ከአስተናጋጁ ይልቅ ወጥ ቤቷን አነጋግሯት፤ እጇ የነካውን የምታውቀው እርሷ ናት።

በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ስፍራዎች፣ በሱሉልታም በቢሾፍቱም፣ ወጥ ቤት ውስጥ ካሉት ሠራተኞች ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። እኔ በትንሽ ካርድ በሁለቱም ቋንቋ አጽፌ ይዣለሁ። ስንዴ «ቀመዲ»፣ ገብስ «ገርቡ»፣ ጤፍ «ጣፊ» ነው። «ቀመዲ» ስላቸው ፊታቸው ሲፈታና ነገሩን በቁም ነገር ሲይዙት በዓይኔ አይቻለሁ።

የጾም ምግብ ይሆናታል ብሎ ማሰብ

በአጭሩ፣ ጾም ሥጋንና ወተትን እንጂ ስንዴን አይከለክልም። የጾም ፒዛም የጾም በርገርም ስንዴ ነው። ወተት ለማይስማማው ልጅ ግን ረቡዕና ዓርብ መውጣት በእርግጥ ይጠቅማል፤ ድስቱ ግን የተለየ መሆኑን ጠይቁ።

«ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?»

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ከፍቅር የሚመጣ ነውና። እንጦጦ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ የባለቤቴ እናት ድፎ ዳቦ ቆረሱ፤ ለልጅ ልጆቻቸው በተራ ሲያድሉም የልጄ ተራ ደረሰ። «እኛ ዘመን ይህ በሽታ የት ነበር?» አሉ። ከዚያ በፊት በሐኪም ቃል ላስረዳቸው ሞክሬ አልሆነልኝም። ያን ዕለት ግን ስለ ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ስለ ዊለም ካረል ዲከ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው የብርድ ወቅት አገሩ በጦርነት ተርባ ዳቦ ሲጠፋ፣ ይህ ሕመም ያለባቸው ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ሐኪሙ ቀድሞም የሚጠረጥረው ስንዴን ነበር፤ ጥርጣሬው በዚያ ጸና። አማማ ረሃብን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ቁራሹን ወደ ሞሰቡ መለሱ።

«ትንሽ» የሚለውን ቃል በመጠን አስቡት። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አንድን ምግብ ከግሉተን ነፃ የሚለው በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም የማይበልጥ ግሉተን ሲኖረው ነው። አንዲት ጉርሻ ዳቦ ከዚያ እጅግ ትበልጣለች። ዳቦ የቆረሰ እጅ የሚያጎርሰው ንጹሕ እንጀራም አይሆንም። ስለዚህ በእኛ ቤት የልጄ መሶብ ለብቻው ነው፤ ጉርሻዋንም የሚሰጣት እጁን በውሃና በሳሙና የታጠበ ብቻ ነው። የእጅ ማጽጃ አልኮል ጀርም ይገድላል እንጂ ግሉተንን አያነሣም።

ሁለት ሕመሞችን ማምታታት

የስንዴ አለርጂ ሌላ ነው። እርሱ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈር ሊያሳብጥ፣ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ልጃችሁ እንዲህ ዓይነት አለርጂ ካለበት ሐኪም ያዘዘለትን መርፌ ሳትይዙ ከቤት አትውጡ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥርም 907 ነው።

ለአንድ ምሳ ብቻ መቋጠር

ውሃ ውስጥ የዋለ ልጅ በየሰዓቱ ይርበዋል። የእንጦጦው ብርድም እንደዚያው ነው፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ነው። ስንቁ ሲያልቅና ልጁ ሲራብ የወላጅ ጥንቃቄ ይላላል፤ እኔን ከመጥበሻው ፊት ያቆመኝ ይኸው ነበር። ያሰባችሁትን እጥፍ አድርጋችሁ ቋጥሩ፤ ከጓደኞቿ ጋር የምትካፈለውም ይኑራት። በጤፍ ዱቄት፣ በእንቁላልና በበሰለ ሙዝ የምጋግረው ኬክ ከሌሎቹ ልጆች እጅ ሲያልቅ ልጄ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ ብታዩ ድካሙ አይታወቃችሁም።

በልጁ ፋንታ ሁልጊዜ መናገር

ይህን ስህተቴን ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ጠያቂዋ ሁልጊዜ እኔ ስሆን ልጄ አንገቷን ደፍታ ትቆም ነበር፤ ጥፋት እንዳጠፋች ሰው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን እንደ ግጥም አስጠናኋት። ባለፈው ነሐሴ ከእንጦጦ ስንወርድ መንገድ ዳር እሸት በቆሎ የሚጠብሱ ሴት አገኘን። በቆሎ ይሆናታል፤ እኔ አውቃለሁ። ቢሆንም ዝም አልኩ። ልጄ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ እዚህ ላይ ዳቦ ወይም ቂጣ ጠብሰው ያውቃሉ? እኔ ስንዴ ያመኛል» አለቻቸው። ሴትዮዋ ማራገቢያቸውን አስቀምጠው በደንብ አዩዋት። «የለም የኔ እናት፣ በቆሎ ብቻ ነው» አሉና ከፍሙ ላይ ያለውን ትተው ከዘንቢሉ አዲስ መርጠው፣ ቅጠሉን ገፍፈው፣ ጥግ ላይ ለብቻው አስቀመጡላት።