ዝንጅብል ሲፈላ፦ መዓዛው ሳይበር እንዲፋጅ

ከኅዳር እስከ ጥር ባሕር ዳር ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፤ ታንኳ ላይ ለሚያነጋ ሰውማ ይብስበታል። ያኔ ዝንጅብል ይፈላል። የብዙ ቤት ዝንጅብል ግን ወይ ይፋጅና መዓዛ የለውም፣ ወይ ያውዳል እንጂ ጉሮሮ አይነካም። መዓዛውና መፋጀቱ የሚመጡት ከተለያየ ነገር ነው። መዓዛው በእንፋሎት የሚበር ዘይት ሲሆን፣ የሚፋጀው ጂንጀሮል ግን በእንፋሎት አይሄድም፤ ውሃው ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ዝንጅብሉን ከፍላችሁ በሁለት ጊዜ ጨምሩት።

ገበያ ላይ ቆዳው የተወጠረ፣ በእጅ ሲመዘን ከበድ የሚል፣ ሲሰበር ቀጭ የሚለውን ምረጡ። የተሸበሸበው ውሃው አልቋል። መገንጠያው ላይ ሻጋታ ካያችሁ ተዉት።

ለአንድ ሊትር ውሃ 40 ግራም ያህል ይበቃል፤ አውራ ጣት የሚያካክሉ ሁለት ቁራጮች ማለት ነው። አፈር የሚደበቀው መገጣጠሚያው ውስጥ ስለሆነ እየገነጠላችሁ እጠቡ። ቆዳውን በማንኪያ ጠርዝ ፋቁት፤ ቢላ ከልጣጩ ጋር ሥጋውን ይወስደዋል።

ሁለት ሦስተኛውን ሙቀጫ ውስጥ ተሰነጣጥቆ ጭማቂው ብቅ እስኪል ቀጥቅጡት። አታልሙት፤ ሲልም ስታርቹ ይወጣና ሻዩ ይደፈርሳል። በቀዝቃዛ ውሃ ጣዱት፤ አንድ ስንጥር ቀረፋና ሁለት ሦስት ራስ ቅርንፉድ አብራችሁ ጨምሩ። ቅርንፉድ ከዚያ ካለፈ ዝንጅብሉን ይውጠዋል። ሲፈላ እሳቱን ቀንሳችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ 15 ደቂቃ ይንተክተክ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለቆላ የተባለው 10 ደቂቃ እዚህ ያንሳል።

ሻይ ቅጠል ከፈለጋችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ብቻ። አብሮ ከተጣደ ይመራል፤ ሰው ግን ያመረረው ዝንጅብሉ ይመስለዋል።

ካወረዳችሁት በኋላ የቀረውን አንድ ሦስተኛ ፍቃችሁ ጣሉበትና ወዲያው ክደኑ። ጠጅ ሳርም ካለ አሁን ነው፤ ሦስት አራት ቅጠል ታስሮ ይገባል። አምስት ደቂቃ አትክፈቱት። ስትከፍቱ ክዳኑ ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ላብ ራሱ ዝንጅብል ዝንጅብል ይሸታል፤ ወደ ድስቱ መልሱት። ሎሚ፣ የዘጌ ቢገኝ እሰየው፣ ብርጭቆ ላይ ይጨመቅ እንጂ ድስት ውስጥ አይፍላ። ማርም ሻዩ ለመጠጣት ሲበርድ ይግባ፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

ወተት የምትጨምሩ ከሆነ የመጨረሻውን ጥሬ ዝንጅብል ተዉት። ጥሬው ወተት የሚያረጋ ኢንዛይም አለው፤ መፍላት ግን ያጠፋዋል። መጀመሪያ ዝንጅብሉ በውሃ ይፍላ፣ ከዚያ የፈላ ወተት ይጨመር። ሎሚና ወተት አንድ ላይ አይሆኑም።

ደረቅ ዝንጅብል ሌላ ነገር ነው። ሲደርቅ ጂንጀሮሉ ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ይህኛው ይበልጥ ይፋጃል፣ መዓዛው ግን ቀንሷል። ለአንድ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ይዛችሁ ጀምሩ። ቤት ውስጥ ለማድረቅ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል አሳስታችሁ ክተፉና ከጥቅምት ወዲህ ባለው ፀሐይ ሰፌድ ላይ አስጡት። ማታ ማታ አስገቡ፤ ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ቀን የደረቀውን ያለሰልሰዋል። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ አልደረቀም፤ እንዲያ እያለ ዕቃ ውስጥ ከተከደነ ይሻግታል። ክረምት ላይ አትሞክሩት።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ አዘውትረው ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። ቃር የሚያስቸግረው በባዶ ሆድ አይጠጣ።

የቡና ጀበና ውስጥ ዝንጅብል አታፍሉ። ሸክላው መዓዛውን ይጠጣና የሚቀጥለው ቡና ዝንጅብል ዝንጅብል ይላል። ፔርሙዝ ውስጥ ስታስቀምጡም በጨርቅ አጥልላችሁ ይሁን፤ ፍቃፊው አብሮ ከቆየ ረፋድ ላይ ሻዩ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ይሆናል፣ ሥሩም ነጭ አተላ ይይዛል።