ፈቃድና ቡና፦ ለፈረቃ ሠራተኞች
ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ በግል ድርጅት በፈረቃ የምትሠሩ፣ የዓመት ፈቃዳችሁን «በኋላ እወስደዋለሁ» እያላችሁ አታጠራቅሙት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን አላችሁ፤ ለሁለት ከፍላችሁ ለመውሰድ በጽሑፍ ጠይቁ፣ አሠሪው ከተስማማ ይቻላል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ገንዘቡ ያጓጓል፣ ግን እንቅልፍ የሚሰረቀው ከዚያ ነው።

ሌሊት ሠርታችሁ ጠዋት የምትተኙ ደግሞ፣ ቡናውን ከመተኛታችሁ ቢያንስ 6 ሰዓት በፊት አቁሙ፤ የካፌይኑ ግማሽ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ጎረቤት ለቡና ከጠራችሁ አብሽሩ፣ ሂዱ፤ ቆሎውን ብሉ፣ ተጫወቱ፣ ስኒዋን ግን እለፏት።