ትራጄዲን እንዴት እናንብብ፣ የእውነት ሀዘን ፊት ስንቆምስ የቱን ይዘን የቱን እንጣል

ትራጄዲ፣ ማለትም በመከራና በውድቀት ሚያልቅ ድራማ፣ አንብቦ ወይ መድረክ ላይ አይቶ ሲጨርስ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ሚጠይቀው "ጥፋቱ የማን ነው?" ሚለውን ነው። ትምህርት ቤትም የለመድነው እንደዛ ነው፣ ዋናው ገፀ ባህሪ አንድ ጉድለት አለው፣ ትዕቢት ወይ ቅናት ወይ ችኮላ ምናምን፣ ጉድለቱን ፈልጋችሁ አስምሩበት፣ አለቀ። እኔ ግን ይሄ አነባበብ ታሪኩን ያሳንሰዋል፣ ከዛም አልፎ ሰው ይጎዳል ብዬ ነው ማምነው፣ ምክንያቱም መፅሐፍ ላይ የለመድነውን ጣት መቀሰር ሰው የሞተበት ቤት ድረስ ይዘነው እንገባለን። ስለዚህ መጀመሪያ ትራጄዲ እንዴት ቢነበብ እንደሚሻል፣ ከዛ ደግሞ ከንባቡ ውስጥ ለህይወት ሚጠቅመው የቱ እንደሆነ ልፅፍላችሁ ነው።

መነሻ እንዲሆነን የግሪኩን ፈላስፋ አርስቶትልን እንያዝ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን በፃፋት ፖየቲክስ በምትባል አጭር መፅሐፉ ላይ ሚለው ነገር ባጭሩ እንዲህ ነው፣ ክፉ ሰው ሲወድቅ ብናይ አናዝንለትም፣ የእጁን አገኘ ነው ምንለው፣ እንከን የሌለው ደግ ሰው ዝም ብሎ ሲፈርስ ብናይ ደግሞ ከማዘን ይልቅ ይዘገንነናል። ስለዚህ ለትራጄዲ ሚሆነው መሃል ላይ ያለ ሰው ነው፣ በክፋቱ ሳይሆን በሆነ ከባድ ስህተት የወደቀ። ከዛ ሁለት ስሜት ይመጣል፣ ሀዘኔታና ፍርሃት። ሀዘኔታው የማይገባው መከራ ስለደረሰበት ነው፣ ፍርሃቱ ደግሞ ሰውየው እኛን ስለሚመስል። እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡት። ጉድለቱን እያሳደድን "ይገባዋል" እስክንል ከደረስን ሀዘኔታው ጠፋ ማለት ነው፣ "እኔ እንደሱ ትዕቢተኛ አይደለሁም" ካልን ደግሞ ፍርሃቱም ሄደ። ጥፋት ፈላጊው አነባበብ አርስቶትልን እየጠቀሰ አርስቶትል የፈለገውን ነገር ያጠፋዋል።

እሺ ታዲያ እንዴት እናንብብ? መጨረሻውን አውቃችሁ አንብቡ። እውነቴን ነው፣ መጨረሻውን ማወቅ ትራጄዲን አያበላሽም። የጥንቶቹ አቴናውያን የኤዲፐስን ታሪክ ቲያትር ቤት ከመግባታቸው በፊት ያውቁታል፣ ፀሐፊው ሶፎክልስ ሲያዘጋጅላቸው ምን እንደሚሆን ሳይሆን እንዴት እንደሚሆን ነበር ሚያዩት። ታሪኩን ለማታውቁ፣ ኤዲፐስ የቴብስ ንጉስ ነው፣ ከተማው ላይ ወረርሽኝ ገብቷል፣ የቀድሞውን ንጉስ ላዮስን የገደለው ሰው ካልተገኘ አይለቃችሁም ተብሏል፣ ኤዲፐስ ገዳዩን ፈልጌ አገኛለሁ ብሎ ምርመራ ይጀምራል፣ ሲጨርስ ገዳዩ ራሱ ነው፣ የገደለው አባቱን ነው፣ ያገባት ዮካስታም እናቱ ናት። ይሄን ይዛችሁ ስታነቡ እርሳስ ያዙና በየትዕይንቱ ዳር ላይ አንድ ነገር ብቻ ፃፉ፦ እዚህ ሰዓት ላይ ማን ምን ያውቃል? ሌላ ሁሉ ይቆይ፣ ይሄን ብቻ ፃፉ።

ከዛ ታሪኩ ሚገለበጥበትን ቦታ ፈልጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ኤዲፐስ ላይ ከቆሮንቶስ መልእክተኛ ሚመጣበት ቦታ ነው። ሰውየው ደስ ሚል ወሬ ይዣለሁ ብሎ ነው ሚመጣው። ኤዲፐስ አባቴ ነው ብሎ ሚያስበው የቆሮንቶሱ ንጉስ ፖሊቡስ ሞቷል፣ ዙፋኑ ላንተ ነው ይላል። ኤዲፐስ እፎይ ይላል፣ ምክንያቱም አባትህን ትገድላለህ እናትህን ታገባለህ የሚል ትንቢት ሰምቶ ከቆሮንቶስ የሸሸው እነሱን ላለመንካት ነበር። ግን እናቴ ገና አለች እሷን እፈራለሁ ይላል። መልእክተኛው ከዚህ ፍርሃት ሊገላግለው ብሎ፣ ኧረ እሷ እናትህ አይደለችም፣ ህፃን ሆነህ ቁርጭምጭሚትህ ተበስቶ ከላዮስ ቤት እረኛ እጅ የተቀበልኩህ እኔ ነኝ ይለዋል። ሊያሳርፈው የተናገረው ነው ጉድጓዱን የከፈተው። አጠገባቸው ደግሞ ዮካስታ ቆማለች፣ ለሷ ቀድሞ ገብቷታል። ተው አትጠይቅ ብላ ትለምነዋለች፣ እሱ ግን ዘሬ ዝቅ ያለ ሆኖ እንዳይገኝ አፍራ ነው ብሎ ያስባል። እሷ ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ከዛ በኋላ በህይወት አትታይም። ዳር ላይ "ማን ምን ያውቃል" እያላችሁ ስትፅፉ ከነበረ እዚህ ገፅ ላይ እጃችሁ ይቆማል፣ ሶስት ሰው አንድ መድረክ ላይ ቆሞ ሶስት የተለያየ ነገር እያወቀ ነው።

ቀጥሎ ሽማግሌው እረኛ ይመጣል። መናገር አይፈልግም፣ ተገዶ ነው ሚናገረው። ያንን ህፃን ተራራ ላይ ጥለኸው ይሙት ተብሎ ነበር የተሰጠው፣ ለምን ለሌላ ሰው አሳልፈህ ሰጠኸው ሲባል መልሱ "አሳዘነኝ" ነው። ይሄን መስመር ዝም ብላችሁ አትለፉት። የመከራው ሁሉ በር የተከፈተው በአንድ ሰው ርህራሄ ነው። አሁን ጥፋቱ የማን ነው በሉኝ፣ እረኛው ህፃኑን ማዳኑ ነው ጥፋቱ?

ሌላው ማደርገው ነገር፣ ሰውየውን ያጠፋውን ባህሪ ይዤ ወደ ኋላ መመለስ ነው፣ ይሄ ባህሪ በፊት ምን ሰርቶለት ነበር ብዬ። ኤዲፐስን ያጠፋው መጠየቅ አለማቆሙ ነው ይባላል። ግን ያው አለማቆሙ ነው ቴብስን ያስጨነቀችውን የአውሬዋን የስፊንክስን እንቆቅልሽ ፈትቶ ቴብስን ያዳነው፣ ንጉስ የሆነውም በሱ ነው። ደግሞም ዮካስታ ተው ስትለው ቢተው ኖሮ ወረርሽኙ ከተማውን ይጨርሰው ነበር። ስለዚህ "ጉድለት" የምንለው ነገር ስሙን እንዲህ በቀላሉ አይቀበልም፣ ብዙ ጊዜ ሰውየው ካለው ነገር ሁሉ ምርጡ ነው።

አንዳንድ ትራጄዲ ደግሞ በአንድ ሰው ዙሪያ ሳይሆን በሁለት ሰው መሃል ነው ያለው። የሶፎክልስ አንቲጎኔ እንደዛ ናት። ወንድሟ ከተማውን ሊወጋ መጥቶ ሞቷል፣ ንጉሱ ክሬዎን እንዳይቀበር ከልክሏል፣ እሷ ትቀብረዋለች። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ተናግሯል፣ ግጭቱ በትክክልና በስህተት መሃል ሳይሆን በሁለት ትክክል ነገሮች መሃል ነው ብሎ፣ የቤተሰብ ህግና የመንግስት ህግ። እኔ ለክሬዎን ትንሽ አደላለት ብዬ ነው ማስበው፣ ምክንያቱም ድራማው ላይ ነቢዩ ቲሬስያስ መጥቶ ክሬዎንን ተሳስተሃል ይለዋል። ቢሆንም ለልምምድ በጣም ጥሩ ነው፣ ማትወዱትን ወገን ምረጡና የሱን ክርክር እሱ ራሱ ከተናገረው በላይ አጠንክራችሁ ፃፉለት። ካቃታችሁ ገና አላነበባችሁትም።

መጨረሻው ላይ ደግሞ አትሩጡ፣ ማፅናኛም አትፈልጉለት። የሼክስፒር ኪንግ ሊር መጨረሻ ላይ የንጉስ ሊር ልጅ ኮርዴሊያ እስር ቤት እንድትሰቀል ትእዛዝ ወጥቷል፣ ትእዛዙ ይሻር ተብሎ ሰው ይሮጣል፣ የሊር አማች አልባኒ አማልክት ይጠብቋት ብሎ ይፀልያል፣ ወዲያው ሊር የልጁን ሬሳ ታቅፎ ይገባል። በፀሎቱና በሬሳው መሃል ምንም የለም ማለት ይቻላል። ሰው ይሄን መሸከም አቅቶት በ1681 ናሁም ቴት ሚባል ፀሐፊ ኮርዴሊያ ተርፋ ኤድጋርን እንድታገባ አድርጎ አስተካከለው፣ መድረክ ላይም ከመቶ አመት በላይ ሚታየው እሱ ነበር። እንግሊዛዊው ሃያሲ ሳሙኤል ጆንሰን ራሱ የኮርዴሊያ ሞት በጣም ስላስደነገጠው ለህትመት ሊያርመው እስኪገደድ ድረስ መጨረሻውን ደግሞ ለማንበብ አልደፈረም። ስለዚህ ስታነቡ "ግን ቢያንስ" ሚል ቃል ከውስጣችሁ ሲመጣ ያዙት። ግን ቢያንስ ታረቁ፣ ግን ቢያንስ ተማረ። ድርሰቱ ያንን ብሎ ከሆነ እሺ፣ እናንተ ጨምራችሁበት ከሆነ ግን የቴትን ስራ እየሰራችሁ ነው።

ካታርሲስ ሚባለውን ነገር፣ ትራጄዲ ሀዘኔታንና ፍርሃትን ያነፃል ሚለውን፣ ብዙ አላነሳም፣ አርስቶትል ቃሉን ጣል አድርጎ ስላላብራራው ሊቃውንት እስካሁን ይከራከሩበታል። ትራጄዲ የንጉስ ብቻ ነው ሚለውም ቀርቷል፣ አሜሪካዊው የድራማ ፀሐፊ አርተር ሚለር በ1949 ተራው ሰውም ለትራጄዲ ይበቃል ብሎ ተከራክሮበታል፣ እኔም በዛው እስማማለሁ።

አሁን ወደ ህይወት። የግሪኩ ታሪክ ፀሐፊ ሄሮዶቱስ የፃፈው አንድ ታሪክ አለ። በ494 ቅድመ ልደት ክርስቶስ ሚሊጢን የምትባለውን ከተማ ፋርሶች አጠፏት፣ የከተማዋ ሰዎች የአቴና ሰዎች ዘመዶች ናቸው። ፍሪኒኮስ ሚባል ፀሐፊ ያንን ድራማ አድርጎ አቀረበው፣ ቲያትሩ ሙሉ አለቀሰ፣ ከዛ የራሳችንን መከራ አስታወስከን ብለው 1000 ድራክማ ቀጡት፣ ድራማውም ሁለተኛ እንዳይታይ ከለከሉ። እኔ እነዚህን ሰዎች አልፈርድባቸውም። ትራጄዲ ርቀት ይፈልጋል፣ ቁስሉ ትኩስ የሆነበትን ሰው ተመልካች ልታደርጉት አትችሉም። በ472 ቅድመ ልደት ክርስቶስ ደግሞ ኤስኪለስ ሚባል ፀሐፊ ፋርሶች በኋላ በግሪኮች ስለተሸነፉበት ጦርነት ሲፅፍ ትዕይንቱን ፋርስ ቤተ መንግስት ውስጥ አደረገው፣ ሚያለቅሱት ጠላቶቹ ናቸው፣ እሱ ራሱ ማራቶን ላይ የተዋጋቸው። አቴናውያን ተቀምጠው አዩት፣ ሽልማትም ሰጡት።

ስለዚህ ሀዘን የደረሰበት ሰው ጋ ስትሄዱ የንባብ መሳሪያችሁን አብዛኛውን ደጅ ተዉት። ሰውየው ገፀ ባህሪ አይደለም፣ ታሪኩም ገና አላለቀም፣ ትርጉም አውጡልኝ ብሎም አልጠራችሁም። የኢዮብ ሶስት ጓደኞች ኤልፋዝ በልዳዶስና ሶፋር ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፣ ህመሙ እጅግ እንደበዛ አይተው አንዲት ቃል አልተናገሩም። እስከዛ ድረስ ያደረጉት ሁሉ ልክ ነው። የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ማብራራት ሲጀምሩ ነው፣ የሆነ ነገር አጥፍተህ ይሆናል፣ አስበው እስቲ፣ ያለ ምክንያት እንዲህ አይመጣም እያሉ። እግዚአብሔርም መጨረሻ ላይ የተቆጣው በነሱ ነው። "ለምን ቶሎ ሀኪም ጋ አልወሰዳችሁትም" ሚለው ጥያቄ የኤልፋዝ ጥያቄ ነው፣ በደግነት ብትጠይቁትም ያው ነው።

ግን ይሄን ወደ ሁሉም ነገር አታዙሩት። ህንፃ ተደርምሶ፣ ሲሚንቶው ተሰርቆበት፣ ሰው ሲያልቅ "አሳዛኝ ትራጄዲ" ብሎ ማለፍ ሌባውን መደበቅ ነው። እዛ ጋ "ጥፋቱ የማን ነው?" ትክክለኛው ጥያቄ ነው፣ በስም በሰነድ መጠየቅ አለበት። ማንን እንደምትጠይቁ ብቻ ለዩ፣ ኮንትራክተሩንና የፈቀደለትን ባለስልጣን ነው እንጂ እዛ ቤት የተከራየውን ሰው አይደለም።

ከንባቡ ውስጥ ይዛችሁ እንድትገቡ ምፈልገው አንድ ነገር አለ፣ ያቺ የእርሳስ ጥያቄ፣ "እዚህ ሰዓት ላይ ማን ምን ያውቃል?" ምትለዋ። ሰው የሞተበት ሰው ራሱን ይከሳል፣ ያን ቀን ባልልከው ኖሮ፣ ስልኩን ባነሳ ኖሮ እያለ። አይ ጥፋትህ አይደለም ብላችሁ ቶሎ አትዝጉበት፣ አያምናችሁም። ይናገር፣ ሲናገር ስሙትና ቦታው ሲገኝ ብቻ ያን ሰዓት ላይ ምን ታውቅ ነበር ብላችሁ ጠይቁት። ዛሬ ምታውቀውን አይደለም፣ ያን ጠዋት ልብሱን ለብሶ ሲወጣ፣ በሩ ጋ ቆመህ፣ ምን ታውቅ ነበር? ከዛ እሱ ይመልስ፣ እናንተ አትመልሱለት፣ ካልመለሰም አብራችሁት ተቀመጡ።